ክፋት ከየት መጣ? ከጥንት የተላለፉ አራት መልሶች

«ሰይጣን አሳስቶኝ ነው።» ይህን አባባል ያልሰማ አማርኛ ተናጋሪ የለም ማለት ይቻላል። ታናሹን የመታ ልጅ ይለዋል፤ የሰው ገንዘብ ያጎደለ ሰው ሽማግሌ ፊት ይለዋል፤ አንዳንዴም ተከሳሽ ዳኛ ፊት ቆሞ ይለዋል። በጣም ስለለመድነው ውስጡ ያለውን ሐሳብ ልብ አንለውም እንጂ፣ በሦስት ቃል ብዙ ነገር ነው የተባለው፦ ክፋት ባለቤት አለው፣ ባለቤቱም ስም አለው፣ ጥፋቱም የእኔ ብቻ አይደለም።

ታዲያ የሰው ልጅ ስለ ክፋት ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚያስበው? አልነበረም። ከዛሬ አራት ሺህ ዓመት በፊት አባይ ዳር የሚኖር አንድ ግብፃዊ አግኝታችሁ «የክፉ ነገር ሁሉ አለቃ ማን ነው?» ብትሉት ጥያቄው ራሱ ግር ይለው ነበር። ያኔ ክፉ ነገር ጠፍቶ አይደለም። በሽታም፣ ረሃብም፣ ሌባም፣ ጉቦኛ ዳኛም ነበሩ። ሰዎቹ ግን ነገሩን የሚያዩበት መንገድ ከእኛ ይለያል።

በዚህ ጽሑፍ ከግብፅ፣ ከባቢሎን፣ ከፋርስና ከጥንት አይሁድ የተላለፉ አራት መልሶችን እናያለን። የመጨረሻው መልስ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በእኛው አገር፣ በግዕዝ ብራና ላይ ነው። የትኛው ሃይማኖት ትክክል ነው የሚለው የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ አይደለም። እኛ የምንጠይቀው ይኼን ነው፦ «ክፋት ከየት መጣ?» ለሚለው የምንሰጠው መልስ ሲቀየር፣ ለክፋቱ የሚጠየቀውስ አብሮ ይቀየራል?

ግብፅ፦ ልብ ሚዛን ላይ ሲወጣ

የጥንት ግብፃውያን የመልካም ነገር ሁሉ መሠረት ያደረጉት አንድ ቃል ነበራቸው፦ ማአት። ድምፁ «መዓት» ከሚለው ቃላችን ጋር ቢቀራረብም አትሳሳቱ፤ ትርጉሙ ሌላ ነው። ማአት እውነት ማለት ነው፤ ፍትሕም ማለት ነው፤ ሥርዓትም ማለት ነው። ፀሐይ በሰዓቷ መውጣቷ፣ አባይ በወቅቱ ሞልቶ እርሻውን ማጠጣቱ፣ ነጋዴ በሚዛን አለማጭበርበሩ፣ ዳኛ ጉቦ አለመብላቱ ለእነሱ የአንድ ነገር ልዩ ልዩ መልኮች ነበሩ። እኛ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የተፈጥሮ ጉዳይ፣ የኋለኞቹን ደግሞ የሥነ ምግባር ጉዳይ እንላለን። ግብፃውያን ይህን መስመር አላሰመሩም። ማአት በሥዕል ስትታይ ራሷ ላይ የሰጎን ላባ የሰካች እንስት አምላክ ናት።

የማአት ተቃራኒ ኢስፌት ይባላል፦ ሁከት፣ ውሸት፣ ግፍ። ኢስፌት ቀንድና ጅራት ያለው አካል አይደለም። ማሳ ካልታረመ አረም እንደሚውጠው፣ ዓለምም ካልተጠበቀች ወደ ኢስፌት ታዘነብላለች። ለዚህ ነው በቤተ መቅደሶቻቸው ግድግዳ ላይ ፈርዖኑ ትንሽ የማአት ምስል በእጁ ይዞ ለአማልክት ሲያቀርብ የሚታየው። የንጉሡ ትልቁ ሥራ ሥርዓቱ እንዳይፈርስ በየቀኑ መጠበቅ ነበር።

ይህ ሐሳብ የቤተ መንግሥት ብቻ እንዳልነበረ የሚያሳይ አንድ ደስ የሚል ታሪክ አለ። ከአራት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የተጻፈ ሲሆን፣ ተመራማሪዎች «አንደበተ ርቱዑ ገበሬ» ብለው ይጠሩታል። ኩን-አኑፕ የተባለ ድሃ ሰው አህዮቹን ጭኖ ወደ ገበያ ሲሄድ፣ አንድ ሹመኛ ሆን ብሎ መንገዱ ላይ ጨርቅ ይዘረጋበታል። ገበሬው ጨርቁን ላለመርገጥ በእርሻው ጠርዝ ሲያልፍ አንዱ አህያ አንድ ጉርሻ ገብስ ይነጫል። ሹመኛው የሚፈልገውም ይህንኑ ነበርና አህዮቹን ከነጭነታቸው ይነጥቀዋል።

ገበሬው ዝም አላለም። ወደ በላይ አለቃው ሄዶ አቤት አለ፤ አንዴ ሳይሆን ዘጠኝ ጊዜ። በየአቤቱታው የሚያነሳው ማአትን ነው፦ ሚዛን ያዘነብላል ወይ? የመርከብ መሪ የያዘ ሰው መርከቡን ያሰጥማል ወይ? ድሃን ካልጠበቀ ሹመት ምን ይሠራል? በመጨረሻ ተፈረደለት፤ የበዳዩ ንብረትም ለእሱ ተሰጠው። ልብ በሉ፦ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሹመኛውን ያሳሳተ ጋኔን የለም። ሥርዓትን ያፈረሰ ሰው አለ፣ እንዲያስተካክለው የሚጠየቅ ሌላ ሰው አለ፤ በቃ።

ከሞት በኋላስ? በግብፃውያን እምነት የሟቹ ልብ ሚዛን ላይ ይወጣል። በአንዱ ወገን ልቡ፣ በሌላው ወገን የማአት ላባ። የቀበሮ ራስ ያለው አኑቢስ ሚዛኑን ይቆጣጠራል፤ ቶት የተባለው የጸሐፊዎች አምላክ ውጤቱን ይመዘግባል። ሟቹም በ42 ዳኞች ፊት ያላደረጋቸውን ክፉ ነገሮች አንድ በአንድ ይዘረዝራል፦ አልሰረቅሁም፣ አልገደልሁም፣ ሚዛን አላጎደልሁም እያለ። ልቡ ከላባው ጋር ከተስተካከለ ያልፋል። ከከበደ ግን አጠገቡ የምትጠብቅ አሚት የተባለች አውሬ አለች፤ ራሷ የአዞ፣ የፊት አካሏ የአንበሳ፣ የኋላዋ የጉማሬ ነው። ልቡን ትበላዋለች፣ ሰውየውም ከነጭራሹ ይጠፋል። ይህ ትዕይንት በሚያምር ቀለም የተሳለበት የአኒ ፓፒረስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1250 ዓመት ገደማ የተዘጋጀ ሲሆን ዛሬ ለንደን በሚገኘው የብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር እንጨምር። ግብፃውያን ሟቹ ደረት ላይ በጢንዚዛ ቅርጽ የተሠራ ድንጋይ ያስቀምጡ ነበር። ድንጋዩ ላይ የሚቀረጸው ጸሎት ልብን የሚለምን ነው፦ በፍርድ ቀን በባለቤትህ ላይ አትመስክርበት ይላል። ለምን መሰላችሁ? ልብ የሰውየውን ሥራ ሁሉ ያውቃልና ነው። የግብፃዊው ትልቁ ፍርሃት ከውጭ የሚመጣ አሳሳች ሳይሆን፣ የራሱ ልብ ቆሞ እውነቱን መናገሩ ነበር።

ነፍሰ ገዳዩ ጠባቂ

«ግብፃውያን ክፉ አማልክት አልነበሯቸውም እንዴ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ነገሩ ትንሽ ይጠመዝዛል። አፔፕ የሚባል ግዙፍ እባብ አለ፤ በየሌሊቱ የፀሐይን ጀልባ ሊውጥ ይሞክራል። ጀልባው አፍንጫ ላይ ቆሞ እባቡን በጦር የሚወጋው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሱቴክ ነው፤ በአውሮፓ መጻሕፍት ሴዝ እየተባለ የሚጠራው። ይህ አምላክ ደግሞ የገዛ ወንድሙን ኦሲሪስን የገደለ ነው። ወንድም ገዳዩ በየሌሊቱ ዓለምን ያድናል ማለት ነው! ጉልበቱና ቁጣው ያለቦታው ሲውል ጥፋት፣ በቦታው ሲውል ጥበቃ ይሆናል።

ወደ ምሥራቅ፣ ዛሬ ኢራቅ ወደምትባለው ወደ ሜሶጶጣሚያ ብንሄድም ተመሳሳይ ነገር እናገኛለን። በዚያ ላማሽቱ የምትባል፣ ነፍሰ ጡሮችንና ጨቅላዎችን የምታጠቃ አስፈሪ ጋኔን ነበረች። እናቶች ልጆቻቸውን ከእሷ ለመጠበቅ የሚጠቀሙበት ክታብ የፓዙዙ ፊት ያለበት ነበር። ፓዙዙ ማን ነው? እሱም ራሱ የክፉ ነፋስ አጋንንት ንጉሥ! በጊዜው ክትባትም ሆነ አንቲባዮቲክ አልነበረም። እናት ልጇን የሚያድንላት እስከሆነ ድረስ አስፈሪውን በሌላ አስፈሪ ታባርር ነበር።

ከሁለቱ ምሳሌዎች የምንረዳው፣ በጥንቱ ዓለም መልካሞቹ በአንድ በኩል፣ ክፉዎቹ በሌላ በኩል እንደ ሁለት የእግር ኳስ ቡድን አልተሰለፉም ነበር። አንዱ አካል እንደ ሁኔታው ይጎዳል፣ ይጠቅማልም።

ባቢሎን፦ «ምን በደልሁ?»

የግብፅ መልስ አንድ ትልቅ ችግር አለበት። ሥርዓትን የጠበቀ ሰው መልካም ነገር ካገኘ፣ መልካም ሠርቶ መከራ የሚደርስበትስ? የባቢሎን ጸሐፍት በዚህ ጥያቄ ላይ አብዝተው ተጨንቀዋል። ሐሳባቸውንም በሸክላ ጽላት ላይ ጽፈው ስላደረቁት እስከ ዛሬ ቆይቶልናል።

አንደኛው ጽሑፍ ሹብሺ-መሽሬ-ሻካን ስለሚባል ባለሥልጣን ይተርካል። ሰውየው ጸሎቱን፣ መሥዋዕቱን ያላጓደለ ነው። ሆኖም ንጉሡ ይቆጣዋል፣ ወዳጆቹ ይሸሹታል፣ በሽታ አልጋ ላይ ይጥለዋል። ካህናትም ጠንቋዮችም ምክንያቱን ሊነግሩት አልቻሉም። በጭንቀቱ መሐል የሚደርስበት ሐሳብ የሚያስደነግጥ ነው፦ ምናልባት ለሰው መልካም የሚመስለው ነገር በአምላክ ዘንድ ጥፋት ይሆን? የአማልክትን ሐሳብ ማን ሊያውቅ ይችላል? በመጨረሻ ማርዱክ የተባለው የባቢሎን ታላቅ አምላክ ይፈውሰዋል፤ መከራው ለምን እንደመጣ ግን አይነገረውም።

ሁለተኛው ጽሑፍ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1000 ዓመት አካባቢ የተጻፈ የሁለት ወዳጆች ክርክር ነው። 27 ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ክፍል 11 መስመር ነው። የየክፍሉ መነሻ ቀለሞች ሲገጣጠሙ የጸሐፊው ስም ይወጣል፦ ሳጊል-ኪናም-ኡቢብ፣ የአምላክና የንጉሥ አገልጋይ የሆነ ካህን። አንደኛው ወዳጅ የተጎዳ ነው፦ ወላጆቹን በልጅነቱ አጥቷል፤ አማልክትን የማይፈሩ ሲበለጽጉ ያያል። ሌላው ሊያጽናናው ይሞክራል፦ አምላክህን ያዝ፣ ነገሩ ይስተካከላል ይለዋል። ክርክሩ እየገፋ ሲሄድ አጽናኙ ራሱ ይረታና አንድ ከባድ ነገር ያምናል፦ ለሰው ልጅ የተጣመመ አንደበትና ውሸትን የሰጡት አማልክቱ ራሳቸው ናቸው።

እንግዲህ ይህ ሁለተኛው መልስ ነው። ክፋት ከላይ፣ ሰው ከማይደርስበት ቦታ ይመጣል። መልሱ የተጎዳውን ሰው ከአንድ ነገር ያድነዋል፦ «መከራ የደረሰብህ ኃጢአተኛ ስለሆንህ ነው» ከሚል ጎረቤት። በሌላ በኩል ግን ማንም ተጠያቂ አይሆንም። አማልክትን ማን ይከሳል?

ፋርስ፦ ምርጫው የእያንዳንዱ ነው

ሦስተኛው መልስ የመጣው ከኢራናውያን ሕዝቦች ነው። ዛራቱስትራ፣ ግሪኮች ዞሮአስተር ያሉት ነቢይ፣ መቼ እንደኖረ ተመራማሪዎች እስካሁን ይከራከራሉ፤ ግምታቸው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1500 እስከ 600 ዓመት ባለው መካከል ይዋዥቃል። ጋታዎች የሚባሉት የእሱ መዝሙሮች ግን አሉ። ለብዙ መቶ ዓመታት በቃል እየተሸመደዱ ቆይተው ነው በኋላ የተጻፉት። ከእኛ የአብነት ተማሪዎች ዜማና ቅኔ በቃል መያዝ ጋር ብታነጻጽሩት ነገሩ እንግዳ አይሆንባችሁም።

ዛራቱስትራ ዓለምን በሁለት ቃላት ከፈላት፦ አሻና ድሩጅ። አሻ እውነትና ትክክለኛ ሥርዓት ነው፤ ከግብፁ ማአት ጋር ይቀራረባል። ድሩጅ ደግሞ ውሸት ነው። አዲሱ ነገር ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። በመጀመሪያ ሁለት መንትያ መናፍስት ነበሩ ይላል፤ አንዱ መልካሙን መረጠ፣ ሌላው ክፉውን መረጠ። «መረጠ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ! በዚህ አነጋገር ክፉው መንፈስ ክፉ የተባለው ክፉን ስለመረጠ ነው። ሰውም በየቀኑ በሐሳቡ፣ በቃሉና በሥራው ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል። መልካም ሐሳብ፣ መልካም ቃል፣ መልካም ሥራ የሚሉት ሦስቱ ነገሮች በህንድና በኢራን ለሚኖሩ የእምነቱ ተከታዮች ዛሬም መመሪያ ናቸው።

የፍርዱ ምስልም የምርጫውን ሐሳብ ይከተላል። ነፍስ ቺንቫት በተባለ ድልድይ ታልፋለች። ለጻድቅ ድልድዩ ሰፊ ነው፤ ለኃጢአተኛ እንደ ስለት ይጠብባል። መንገድ ላይ አንዲት ሴት ትቀበለዋለች፤ ለመልካሙ ሰው ውብ ልጃገረድ፣ ለክፉው አስቀያሚ ሆና። «አንቺ ማን ነሽ?» ሲላት መልሷ አጭር ነው፦ የገዛ ሐሳብህ፣ ቃልህና ሥራህ ነኝ።

ይህ መልስ የሰውን ክብር ከፍ ያደርገዋል፤ የአጽናፈ ዓለሙ ትግል በአንተ ምርጫ ላይ ተንጠልጥሏል ይለዋል። ነገር ግን አደጋም አለው። ዓለም እውነትና ውሸት ተብላ ለሁለት ከተከፈለች፣ እኔን የሚቃወመኝ ሰው የየትኛው ወገን ይሆናል?

አንድ ማስረጃ እንይ። ምዕራብ ኢራን ውስጥ ቢሶቱን በሚባል ቦታ፣ ገደል ላይ ትልቅ ጽሑፍ ተቀርጿል። ያስቀረጸው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ522 የፋርስን ዙፋን የያዘው ዳርዮስ ነው። በሦስት ቋንቋ፣ በጥንታዊ ፋርስኛ፣ በኤላምኛና በባቢሎንኛ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ 19 ጦርነት አድርጎ 9 ነገሥታትን እንደማረከ ይናገራል። ምስሉ ላይ ዳርዮስ አንዱን በእግሩ ረግጦታል፤ ዘጠኙ ደግሞ አንገታቸው በገመድ ታስሮ ተሰልፈዋል። ጥፋታቸው ምንድን ነው ትላላችሁ? እያንዳንዱ «ዋሸ» ይላል ጽሑፉ። ያመፁት ስለዋሹ፣ አገሪቱ የታወከችው ውሸት ስለበዛ። የሥልጣን ጠብ በእውነትና በሐሰት መካከል የሚደረግ ቅዱስ ጦርነት ሆኖ ተጻፈ። የተሸነፉት ወገኖች የራሳቸውን ጽሑፍ ገደል ላይ የመቅረጽ ዕድል አላገኙም።

ቃላትም ወገን ይለውጣሉ። በህንድ የሳንስክሪት ቋንቋ «ዴቫ» ማለት አምላክ ነው። የዚያው ቃል መንትያ በጥንታዊ ኢራንኛ «ዳኤቫ» ሲሆን ጋኔን ማለት ነው። በኢራን «አሁራ» ጌታ ሲሆን የታላቁ አምላክ የአሁራ ማዝዳ ስም ነው፤ በህንድ ደግሞ ተመሳሳዩ «አሱራ» በኋላ ዘመን የአማልክት ጠላት ሆነ። ሁለቱ ሕዝቦች አንድ የቋንቋ ሥር አላቸው። የአንዱ ቤት አምላክ በሌላው ቤት ጋኔን የሆነው እንግዲህ በቃል ደረጃ ነው።

ጥንታዊ አይሁድ፦ ከሳሹ እንዴት ጠላት ሆነ?

ፋርሶች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ539 ባቢሎንን ሲይዙ፣ በዚያ በምርኮ የነበሩ አይሁድ ወደ አገራቸው የመመለስ ፈቃድ አገኙ። ከዚያ በኋላ ለሁለት መቶ ዓመት በፋርስ ግዛት ሥር ኖሩ። በዚህ ዘመን «ሰይጣን» በሚለው ቃል ላይ አንድ ለውጥ ይታያል።

በዕብራይስጥ «ሳጣን» መጀመሪያ ተራ ቃል ነበር፤ ተቃዋሚ፣ ባላጋራ፣ ከሳሽ ማለት ነው። ንጉሥ ሰሎሞንን የተቃወመው ኤዶማዊው ሃዳድ በዕብራይስጡ «ሳጣን» ተብሏል። ከዚህ የሚያስገርመው ደግሞ በዘኁልቁ መጽሐፍ በለዓምን መንገድ ላይ ያገደው የእግዚአብሔር መልአክም በዚሁ ቃል ተገልጿል። በመጽሐፈ ኢዮብ ሰይጣን በእግዚአብሔር ጉባኤ መካከል ይቆማል፤ ቃሉም በዕብራይስጥ እንደ ማዕረግ ነው የገባው፦ «ከሳሹ» እንደማለት። ዐቃቤ ሕግ ይመስላል፤ ያለ ፈቃድ አንድ እርምጃ አይሄድም። በዘፍጥረት ሔዋንን ያሳታት እባብም በዚያው ምዕራፍ ሰይጣን ተብሎ አልተጠራም፤ ሁለቱን ያገናኟቸው በኋላ የመጡ ጽሑፎች ናቸው።

ለውጡን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ቀላል ሙከራ አለ። መጽሐፍ ቅዱስ አውጡና ሁለት ምዕራፎች ጎን ለጎን አንብቡ፦ 2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 24 እና 1ኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 21። ሁለቱም ዳዊት ሕዝቡን ስለቆጠረበት አንድ ታሪክ ይናገራሉ። በመጀመሪያው ዳዊትን ለዚያ ሥራ ያነሣሣው የእግዚአብሔር ቁጣ ነው። በሁለተኛው ያነሣሣው ሰይጣን ነው። ዜና መዋዕል ከምርኮ በኋላ የተጻፈ ነው። አንዱ ታሪክ በሁለት ዘመን ሲነገር የአነሣሹ ማንነት ተለወጠ። የፋርስ እምነት ለዚህ ምን ያህል አስተዋጽኦ አደረገ? አንዳንድ ተመራማሪዎች ብዙ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ለውጡ ከአይሁድ የራሳቸው ጥያቄ የመነጨ ነው ይላሉ።

የራሳቸው ጥያቄ ደግሞ እኛ የምናውቀው ነው፦ አምላክ አንድና ቸር ከሆነ፣ ክፋትን ማን አመጣው? ባቢሎናዊው «አማልክቱ» ብሎ ማለፍ ይችላል። በአንድ ቸር አምላክ የሚያምን ሰው ግን ሌላ መልስ ያስፈልገዋል።

በግዕዝ የተረፈው መልስ

ይህን ጥያቄ ከመለሱት ጽሑፎች መካከል ዋናው መጽሐፈ ሄኖክ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበሩት ሦስት መቶ ዓመታት ውስጥ በተለያዩ ጸሐፍት የተዘጋጁ ክፍሎች አሉት። በአዲስ ኪዳን የይሁዳ መልእክት ሳይቀር ይጠቅሰዋል። ከጊዜ በኋላ ግን በአብዛኛው ዓለም ጠፋ። ሙሉ ሆኖ የተገኘው በአክሱም ዘመን ወደ ግዕዝ የተመለሰውና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት ቆጥራ የጠበቀችው ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 የግዕዝ ቅጂዎችን ወደ አውሮፓ ወሰደ፤ እ.ኤ.አ. በ1821 ሪቻርድ ሎሬንስ ወደ እንግሊዝኛ ተረጎመው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የአረማይክ ቁርጥራጮቹ ሲገኙ፣ የግዕዙ መጽሐፍ ምን ያህል ጥንታዊ ነገር እንደያዘ ተረጋገጠ።

መጽሐፉ እንዲህ ይተርካል። ትጉሃን የተባሉ 200 መላእክት በአርሞንኤም ተራራ ላይ ወረዱ። የሰው ልጆችን ሴቶች አገቡ፤ ሰው የሚበሉ ግዙፋን ልጆች ተወለዱላቸው። ከመላእክቱ አንዱ አዛዝኤል ለሰዎች ሰይፍና ጋሻ መሥራትን፣ ጌጥና ኩል መቀባትን አስተማረ። ሌሎቹ አስማትና ኮከብ ቆጠራን አስተማሩ። ምድር በደም ተሞላች። በዚህ ታሪክ ክፋት ከውጭ የመጣ ነው፤ ካመፁት መላእክት። በኩፋሌም ተመሳሳይ ነገር አለ፤ ይህም መጽሐፍ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግዕዝ ነው። በዚያ የመናፍስት አለቃ መስቴማ ከአጋንንቱ አንድ አሥረኛው ሳይታሰር እንዲቀርለት እግዚአብሔርን ይለምናል፤ ይፈቀድለታልም።

እንግዲህ «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» ለሚል ሰው ጥሩ ምስክር የተገኘ ይመስላል፤ አይደል? ግን ቸኩለን አንፍረድ። ያው መጽሐፈ ሄኖክ ወደ መጨረሻው፣ ምዕራፍ 98 ላይ ሌላ ድምፅ ያሰማል፦ ኃጢአት ወደ ምድር አልተላከም፣ ሰዎች ከራሳቸው አመጡት ይላል። በዚያ ክፍል የሚወቀሱት ድሆችን የሚበድሉ ባለጸጎች ናቸው። ለእነሱ «መላእክቱ ናቸው ያጠፉት» የሚል መሸሸጊያ አልተሰጣቸውም። በአገራችን የአንድምታ ትርጓሜ ትውፊት ደግሞ ከሰማይ የወረዱት የተባሉት መላእክት ሳይሆኑ ደቂቀ ሴት፣ የአዳም ልጅ የሴት ዘሮች ናቸው የሚል ንባብ አለ። በዚህ ንባብ ትጉሃኑ በቅድስና ይኖሩበት ከነበረው ተራራ ወርደው የሳቱ ሰዎች ናቸው። ጥያቄው ከሰማይ ተነሥቶ እንደገና ወደ ሰው ተመለሰ ማለት ነው።

እያንዳንዱ መልስ ለማን ይጠቅማል?

አራቱን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ግብፃዊው፦ ክፋት የሚመጣው ሥርዓት ካልተጠበቀ ነው፤ ስለዚህ ሁሉም የየድርሻውን ይጠብቅ ይላል። ባቢሎናዊው፦ ምክንያቱን አናውቅም ይላል። ፋርሳዊው፦ ክፋት ምርጫ ነው ይላል። አይሁዳዊው ጸሐፊ ደግሞ ከውጭ የገባ አመፅ ነው ካለ በኋላ፣ ቢሆንም በሩን የከፈትነው እኛ ነን ይላል።

እነዚህ መልሶች ከመጻሕፍት ወጥተው ዛሬም በመካከላችን አሉ። ጎረቤት በጠና ሲታመም «ምን አጥፍቶ ይሆን?» የሚል ሰው ስትሰሙ የባቢሎኑን ክርክር አስታውሱ፤ የዛሬ ሦስት ሺህ ዓመት እንኳ ይህ አነጋገር ጨካኝ መሆኑን የተረዱ ሰዎች ነበሩ። ፖለቲከኛ ተቃዋሚዎቹን በሙሉ «የሐሰት ልጆች» ሲል ብትሰሙ የዳርዮስን ገደል አስታውሱ፤ ጽሑፉን ያስቀረጸው አሸናፊው ነው። ሹመኛ ድሃ ሲበድልና «አሠራሩ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ» ሲል ብትሰሙ ደግሞ ዘጠኝ ጊዜ የተመላለሰውን ገበሬ አስታውሱ።

«ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» የሚለውስ? አንድ ሰው በሰይጣን መኖር ቢያምን እንኳ፣ ኢዮብም ሆነ ሄኖክም ሆነ ኩፋሌ ለጥፋት ማምለጫ አድርገው አልሰጡትም። በኢዮብ ታሪክ ሰይጣን የሚያስፈልገውን ሁሉ አድርጎ ኢዮብን አምላኩን ሊያስክደው አልቻለም። ግብፃዊውም ቢሆን ደረቱ ላይ የጢንዚዛ ድንጋይ ያስቀመጠው ልቡ እንዲያፍርለት ነው እንጂ ልቡ ምንም አያውቅም ብሎ አልነበረም። አራቱም ሕዝቦች ስለ አማልክት፣ ስለ አጋንንትና ስለ መላእክት የተለያየ ነገር ይበሉ እንጂ፣ ሚዛን ያጎደለ ነጋዴ ራሱ መልስ እንዲሰጥ መጠየቃቸውን አልተዉም።